ቄርሎስ የፈጠረው ፊደል የትኛው ነው?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «አባቴ በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ናቸው። የሩሲያ ፊደል ሲሪሊክ የተባለው ቅዱስ ቄርሎስ ስለፈጠረው ነው ይሉኛል። ይህ ቄርሎስ እኛ በቤተ ክርስቲያን የምናውቀው የእስክንድርያው ቄርሎስ ነው? ሩሲያ ሄዶ አስተምሯል? ደግሞስ ፖላንዶችና ቼኮች ስላቮች ከሆኑ ለምን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ?»

አባትዎ የነገሩዎት በብዙ አገር ሲነገር የኖረ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ሲሪሊክ በእርግጥ የተሰየመው በቄርሎስ ስም ነው። ፊደሉን የሠራው ግን እርሱ አይደለም፤ ሩሲያም ሄዶ አላስተማረም። የሩስ ሕዝብ በልዑል ቭላዲሚር ዘመን የተጠመቀው በ988 ሲሆን ቄርሎስ ካረፈ 119 ዓመት አልፎት ነበር። ቄርሎስ በእጁ የሠራው ግላጎሊቲክ የሚባል ሌላ ፊደል ነው። ሲሪሊክ የወጣው ከእርሱ ሞት በኋላ፣ በደቀ መዛሙርቱ ዘመን፣ ቡልጋሪያ ውስጥ ነው። ይህን ያለ ማስረጃ እንዲቀበሉኝ ስለማልፈልግ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ ያረፈው በ444 ነው። የስላቮቹ ቄርሎስ የተወለደው ከዚያ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ826 ወይም በ827፣ በተሰሎንቄ ነው። ሲወለድ የወጣለት ስም ቆስጠንጢኖስ ነበር፤ ቄርሎስ የተባለው ሮም ውስጥ በሞት አልጋው ላይ ሳለ ሲመነኩስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቆየው ሃምሳ ቀን ብቻ ነው። ፊደሉን ሲቀርጽ፣ ወንጌሉን ሲተረጉም፣ ከጳጳሳት ጋር ሲከራከር ቆስጠንጢኖስ ነበርና እኔም ከዚህ በኋላ በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

አባቱ ሌዎን በተሰሎንቄ የጦር ሹም ነበር። ከሰባት ልጆች ቆስጠንጢኖስ የመጨረሻው ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ሜቶዲዮስ ደግሞ ስላቮች በሚኖሩበት አንድ አውራጃ ገዥ ሆኖ ከሠራ በኋላ ሹመቱን ትቶ የመነነ ሰው ነው። የተሰሎንቄ ዙሪያ በስላቮች የተሞላ ነበር፤ ገበያው፣ ሎሌው፣ ገበሬው ሁሉ ስላቭኛ ይናገራል። የሜቶዲዮስ ገድል የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ሚካኤል ሣልሳዊ ለሁለቱ ወንድማማቾች «እናንተ የተሰሎንቄ ሰዎች ናችሁ፤ የተሰሎንቄ ሰዎች ደግሞ ሁሉም ጥሩ ስላቭኛ ይናገራሉ» እንዳላቸው ይመሰክራል። ስለዚህ ቋንቋውን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልጅነት ነው። ቆስጠንጢኖስ በቁስጥንጥንያ የተማረው በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት አንደኛ ከሚባለው፣ በኋላ ፓትርያርክ ከሆነው ከፎጥዮስ ዘንድ ነው፤ «ፈላስፋው» የሚለውም ስም እስከ ሞቱ አብሮት ኖሯል። በ860 ወደ ኻዛሮች በመልእክተኝነት ሲሄድ በክሪሚያ ኬርሶን ቆይቶ የሮሙን ጳጳስ የቅዱስ ቀሌምንጦስን አፅም አገኘ። ይህ አፅም በኋላ ታሪኩን የሚቀይር ነገር ይሆናል።

ከእነርሱ በፊት ለስላቮች ወንጌል የሰበከ ሰው አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሳልስቡርግ ጳጳስ የነበረው አየርላንዳዊው ቪርጊል፣ ሞዴስቱስ የተባለውን ጳጳስ ከካህናት ጋር ዛሬ ደቡብ ኦስትሪያ በሚባለው አገር ወደሚኖሩት ስላቮች ልኳል። በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያም የፍራንኮች ካህናት ዛሬ የቼክና የስሎቫኪያ ምድር ወደሆነችው ወደ ሞራቪያ ገብተው ያስተምሩ ነበር። ጸሎቱና ቅዳሴው ግን በላቲን ነው፤ ካህናቱም ለጀርመን ጳጳሳት የሚታዘዙ ናቸው፤ ጳጳሳቱ ደግሞ ለፍራንኩ ንጉሥ ያደሩ። የሞራቪያው ልዑል ራስቲስላቭ በ862 ወደ ቁስጥንጥንያ መልእክተኞች ሲልክ የጠየቀው ሕዝቡን በራሱ ቋንቋ የሚያስተምር መምህርና ጳጳስ ነው። ልመናው መንፈሳዊ ነበር፤ ከጎረቤት ንጉሥ ጫና መውጫም ነበር። ሁለቱን መለያየት አያስፈልግም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሥራውን ለቆስጠንጢኖስ ሲሰጠው የተነጋገሩትን የቆስጠንጢኖስ ገድል አስቀምጦልናል። ቆስጠንጢኖስ በመጀመሪያ የጠየቀው «ለቋንቋቸው ፊደል አላቸው ወይ?» ብሎ ነው። ንጉሡም «አያቴም፣ አባቴም፣ ሌሎችም ፈልገው አላገኙም፤ እኔ ከወዴት አገኛለሁ?» አለው። የቆስጠንጢኖስ መልስ ባለሙያ መሆኑን ያሳያል፤ ያለ ፊደል ማስተማር በውኃ ላይ እንደመጻፍ ነው፣ በዚያ ላይ መናፍቅ ያሰኛል ብሎ ሰጋ። በቃል ብቻ የተላለፈ ትምህርት እንደሚዛባ፣ ሲዛባም ተጠያቂው መምህሩ እንደሚሆን ያውቃል።

አስቸጋሪው ምን እንደነበረ አማርኛ አንባቢ ከማንም ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። የግእዝ ፊደል ለአማርኛ ሲሰጥ ግእዝ የሌለው ድምፅ ስለነበረ አባቶቻችን በሰ ላይ ምልክት ጨምረው ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከዘ ዠን፣ ከደ ጀን አወጡ። ስላቭኛን በግሪክ ፊደል ለመጻፍ የሚሞክር ሰው የገጠመው ይኸው ነው፤ በግሪክ ሽ የለም፣ ዥ የለም፣ ች የለም። ቤታ እንኳ በዚያ ዘመን የሚነበበው «ቭ» ተብሎ ስለሆነ ብ የለም፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ማለት የሆነውን «ቦግ» የሚለውን ቃል እንኳ በትክክል መጻፍ አይቻልም። ስላቭኛ በአፍንጫ የሚነገሩ አናባቢዎችም ነበሩት። ጥቁር ልብስ የለበሰ መነኩሴ የሚል ትርጉም ባለው «ቼርኖሪዜትስ ኽራብር» በሚል ስም የሚታወቅ ጸሐፊ፣ በቡልጋሪያ በ9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወይም በ10ኛው መጀመሪያ ስለ ፊደላት በጻፈው አጭር ድርሰት ይህንኑ በምሳሌ እየዘረዘረ ያስረዳል። ስላቮች አስቀድሞ በጭረትና በምልክት ይቆጥሩ ነበር፣ ከተጠመቁ በኋላ በላቲንና በግሪክ ፊደል ያለ ሥርዓት ለመጻፍ ተቸገሩ፣ ከዚያም እግዚአብሔር ቆስጠንጢኖስን አስነሣላቸው፣ 38 ፊደል ሠራላቸው ይላል።

ቆስጠንጢኖስ ግን የአማርኛ ጸሐፍት በሄዱበት መንገድ አልሄደም። በግሪኩ ላይ ጥቂት ከመጨመር ይልቅ ሙሉውን ከአዲስ ቀረጸው። ግላጎሊቲክ ለዓይን ከግሪክም ከላቲንም አይመስልም፤ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና ቀለበት የበዛበት ነው። የመጀመሪያው ፊደል «አዝ» ጥርት ያለ መስቀል ነው። ኢ እና ስ የሚነበቡት ሁለት ፊደላት ደግሞ ከክብና ከሦስት ማዕዘን የተሠሩ ሆነው አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፤ እነዚህ በስላቭኛ የኢየሱስ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ይህ እንዲያው በአጋጣሚ ሆነ የሚል ሰው ካለ ሊያሳምነኝ ብዙ መድከም ይኖርበታል። ሽ የሚነበበው ፊደል የእኛን ንጉሡን ሠ ይመስላል፤ ብዙ ሊቃውንት ከዕብራይስጡ ሺን ጋር ያያይዙታል። ከቅርጹ በላይ የሚደንቀኝ ግን ጆሮው ነው። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ምልክት ለመስጠት በመጀመሪያ ድምፆቹን ለይቶ መስማት ያስፈልጋል፤ ሰዋስው ባልተጻፈለት ቋንቋ ይህን ያህል የተስተካከለ ሥራ መሥራት ቀላል አይደለም። ፊደሉ እንዳለቀ በመጀመሪያ የተረጎመው «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» የሚለውን የዮሐንስ ወንጌል መክፈቻ መሆኑን ገድሉ ይናገራል።

ኽራብር ፊደሉ የተሠራበትን ጊዜ 6363 ዓመተ ዓለም ይለዋል። በቁስጥንጥንያ አቆጣጠር 5508ን ሲቀንሱ 855 ይመጣል፤ ይህ ከራስቲስላቭ ልመና ሰባት ዓመት ይቀድማል። እኛ እንደምናውቀው 5500ን ሲቀንሱ ግን 863 ይሆናል፤ ወንድማማቾቹ ሞራቪያ የገቡበት ዓመት ማለት ነው። እኔ የምቀበለው ሁለተኛውን ነው፤ ኽራብር ራሱ በዚያው ዓረፍተ ነገር የራስቲስላቭን ስም ስለሚጠራ።

ሞራቪያ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ካስተማሩ በኋላ ተማሪዎቻቸውን ለማስሾም ወደ ደቡብ ተጓዙ፤ በመንገድ የፓኖኒያው ልዑል ኮትሴል ፊደሉን ወድዶ ሃምሳ ተማሪዎች ሰጣቸው። በ867 ቬኒስ ሲደርሱ ካህናቱ «እንደ ቁራ በጭልፊት ላይ» ወረዱበት ይላል ገድሉ። ክርክራቸው እግዚአብሔር የሚመሰገነው ጲላጦስ በመስቀሉ ላይ በጻፈባቸው በዕብራይስጥ፣ በግሪክና በላቲን ብቻ ነው የሚል ነበር። ቆስጠንጢኖስ «ዝናብ ከእግዚአብሔር ዘንድ ለሁሉ እኩል አይዘንብምን? ፀሐይስ ለሁሉ አትወጣምን?» ብሎ መለሰ፤ ከአንደኛ ቆሮንቶስ 14 ጠቀሰ፤ ከዚያም በራሳቸው ቋንቋ የሚያመሰግኑትን ሕዝቦች ቆጠረ፦ አርመኖች፣ ጆርጂያውያን፣ ጎቶች፣ ግብፃውያን፣ ሶርያውያንና ሌሎችም። እኛ በስም አልተጠራንም። በዚያን ቀን ግን የግእዝ ወንጌል ከተጻፈ መቶ ዓመታት አልፈውታል፤ የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና በሳይንስ ሲመረመር ከዚያ ክርክር በትንሹ በሁለት መቶ ዓመት የሚቀድም ሆኖ ተገኝቷል። ለክርክሩ ጥሩ ምስክር በሆነ ነበር።

ሮም ሲደርሱ ጳጳሱ ሃድሪያን ሁለተኛ የቀሌምንጦስን አፅም ይዘው ስለመጡ ከከተማ ወጥቶ ተቀበላቸው። የስላቭኛ መጻሕፍትን በታላቁ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አስቀምጦ ባረካቸው፤ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያንም በስላቭኛ ተቀደሰ። ቆስጠንጢኖስ ከዚያ አልወጣም። ታመመ፣ መነኮሰ፣ ቄርሎስ ተባለ፤ በየካቲት 14 ቀን 869 በ42 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረውም በዚያው በቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሲሞት ለወንድሙ የተናገረውን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፦ ሁለታችን እንደ ጥማድ በሬ አንድ ፈር ስናርስ ቆየን፤ እነሆ እኔ ቀኔ አልቆ በፈሩ ላይ ወደቅሁ፤ አንተ ደግሞ ተራራውን አብዝተህ ትወዳለህ፣ ለተራራው ስትል ማስተማሩን እንዳትተው። ተራራው ሜቶዲዮስ የመነነበት የኦሊምፖስ ገዳም ነው።

ሜቶዲዮስ አልተወም። የፓኖኒያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ ነገር ግን የባቫሪያ ጳጳሳት አገሩ የእኛ ሀገረ ስብከት ነው ብለው በ870 ይዘው ፈረዱበት። የሮሙ ጳጳስ ዮሐንስ ስምንተኛ በኋላ በጻፈው የተግሣጽ ደብዳቤ የፓሳው ጳጳስ ኤርማንሪክ በፈረስ ጅራፍ ሊመታው ቃጥቶ ሌሎች እንደያዙት ይናገራል። ሁለት ዓመት ተኩል ታስሮ በ873 ተፈታ። በዚያው ጊዜ በሳልስቡርግ በኩል የተጻፈ የክስ ሰነድ «ሜቶዲዮስ የተባለ አንድ ግሪካዊ አዲስ በተፈለሰፈ የስላቭ ፊደል» ላቲንን አስናቀ እያለ ያማርራል። ለእኔ ይህ ከገድሉ ሁሉ ይበልጥ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ጠላት የጻፈው ነውና፤ ፊደሉ በእርግጥ አዲስ መሆኑንም ያረጋግጣል።

ሜቶዲዮስ ሚያዝያ 6 ቀን 885 አረፈ፤ ወዲያው ጳጳሱ እስጢፋኖስ አምስተኛ የስላቭኛ ቅዳሴን ከለከለ። ደቀ መዛሙርቱ ተባረሩ፤ ገሚሶቹ ቬኒስ ገበያ ላይ ለባርነት ቀርበው የቢዛንታይን መልእክተኛ ገዝቶ አዳናቸው። ክሊሜንት፣ ናኡምና አንጌላርዮስ ግን ዳኑብን ተከትለው ወደ ቡልጋሪያው ገዥ ወደ ቦሪስ ደረሱ። ቦሪስ ከተጠመቀ ሃያ ዓመት ያህል ቢሆነውም ካህናቱ ግሪኮች ነበሩ፤ ልክ ራስቲስላቭ ከፍራንኮች ጋር የነበረበት ችግር እርሱንም ይዞታል። ስለዚህ በክብር ተቀበላቸው። ክሊሜንት ወደ ኦህሪድ ተልኮ 3,500 ተማሪዎች እንዳስተማረ ገድሉ ይናገራል፤ ሌላው ትምህርት ቤት በፕሬስላቭ ተቋቋመ።

ሲሪሊክ የወጣው ከፕሬስላቭ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቡልጋሪያ ገዥዎች ለብዙ ዓመታት በድንጋይ ላይ በግሪክ ፊደል ሲያስጽፉ ስለኖሩ ጸሐፊዎቻቸው እጃቸው የለመደው ግሪኩን ነው። ግላጎሊቲክን ከሀ መጀመር ነበረባቸው። እናም ለተገኘው ድምፅ የግሪኩን 24 ፊደል ወሰዱ፤ ለጎደለው፣ ለሽ፣ ለች፣ ለዥና ለመሳሰሉት፣ ከቆስጠንጢኖስ ሥራ እየወሰዱ ቅርጹን አስተካከሉ። ይኸውም አማርኛ በግእዝ ላይ ያደረገው ነው። አንዳንድ መጻሕፍት ሲሪሊክን የሠራው ክሊሜንት ነው ይላሉ፤ መሠረታቸው በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ አንድ አጭር ገድል ነው። እኔ አልቀበለውም፤ የክሊሜንት ኦህሪድ ግላጎሊቲክን ከፕሬስላቭ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይዛ የቆየች ናትና።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ ልምጣ። ግላጎሊቲክ እንደሚቀድም በምን እናውቃለን?

አንደኛው የብራናዎቹ ነገር ነው። ብራና ውድ ስለነበረ የቀድሞውን ጽሑፍ ፍቀው በላዩ ይጽፉ ነበር። በቦያና እንደተገኘው ወንጌል ያሉ፣ ከሥር ግላጎሊቲክ ተፍቆ ከላይ ሲሪሊክ የተጻፈባቸው ብራናዎች አሉ፤ ከሥር ሲሪሊክ ሆኖ ከላይ ግላጎሊቲክ የተጻፈበት ግን አልተገኘም።

ሁለተኛው በኖቭጎሮድ የነበረ ኡፒር ሊኺ የተባለ ቄስ የተወው ማስታወሻ ነው። በ1047 የነቢያትን መጽሐፍ ገልብጦ ሲጨርስ «ከኩሪሎቪጻ ገለበጥሁት» ብሎ ጻፈ፤ የቄርሎስ ፊደል ማለቱ ነው። እርሱ ራሱ የጻፈው በሲሪሊክ ከሆነ «ከሲሪሊክ ገለበጥሁ» ማለት ምን ይጠቅመዋል? በዚያን ጊዜ ኖቭጎሮድ ውስጥ የቄርሎስ ፊደል ሲባል የሚታሰበው ግላጎሊቲኩ ነበር ማለት ነው። ስሙ ወደ ዛሬው ሲሪሊክ የተሻገረው ግላጎሊቲኩ በዚያ አገር ከተረሳ በኋላ ነው።

ሦስተኛው እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ነው። የሜቶዲዮስ ገድል ሜቶዲዮስ መጽሐፍ ቅዱስን፣ ከመቃብያን በቀር፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት 26 በስድስት ወር ተረጎመ ይላል። በጣትዎ ይቁጠሩት፤ በእነርሱ አቆጣጠር ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስምንት ወር ነው። ስሕተቱ ከየት መጣ? በሁለቱም ፊደላት ቁጥር የሚጻፈው በፊደል ነው። ግላጎሊቲክ የራሱን ተራ ተከትሎ ስለሚቆጥር «ዜሎ» የሚባለው ፊደል 8 ነው። ሲሪሊክ ግን የግሪኩን የቁጥር ዋጋ ስለያዘ ያው ዜሎ 6 ይሆናል። የእኛም ቁጥሮች መነሻቸው የግሪክ ፊደላት ናቸው፤ ፮ የወጣው ሲሪሊክ ዜሎን ከተካበት ከዚያው ከግሪኩ የስድስት ምልክት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጸሐፊ በግላጎሊቲክ ስምንት ብሎ ጻፈ፤ በኋላ ወደ ሲሪሊክ የገለበጠው ሰው ፊደሉን ብቻ ቀይሮ ዋጋውን ሳያስተካክል አለፈ። ገድሉ ሲጻፍ በየትኛው ፊደል እንደነበረ ይህች አንዲት ስሕተት ታጋልጣለች።

የተረፉት መጻሕፍትም ይህንኑ ይደግፋሉ። «የኪዬቭ ቅጠሎች» የሚባሉት ሰባት ቅጠል ብራናዎች በግላጎሊቲክ የተጻፉ የ10ኛው መቶ ዘመን ጸሎቶች ናቸው፤ ቋንቋቸውም የሞራቪያን አነጋገር ይዟል። በሲሪሊክ ቀን ተቆርጦላቸው በእርግጠኝነት ከምናውቃቸው ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ የቡልጋሪያው ሳሙኤል ለወላጆቹና ለወንድሙ መታሰቢያ በ993 ያስቀረጸው ድንጋይ ነው። ሩሲያ ውስጥ ቀን ያለው ጥንታዊ መጽሐፍ ዲያቆን ግሪጎሪ በ1056 እና 1057 የጻፈው የኦስትሮሚር ወንጌል ነው። አባትዎ የተማሩበት ሲሪሊክ ደግሞ ታላቁ ጴጥሮስ ከ1708 ጀምሮ ቅርጹን ወደ ላቲን አስጠግቶ ያሻሻለው፣ በ1918 ጥቂት ፊደላት የተቀነሱለት፣ አሁን 33 ፊደል ያለው ነው።

ስለ ፖላንድና ቼክ የጠየቁት ከላይ ባለው ይመለሳል። ሞራቪያ በ10ኛው መቶ ዘመን መግቢያ በማጃሮች ጦር ፈረሰች፤ ደቀ መዛሙርቱ ቀድመው ተባርረዋል። ቼኮች በጀርመን ጳጳሳት ሥር ሆኑ። በሳዛቫ ገዳም በ11ኛው መቶ ዘመን የስላቭኛ ቅዳሴ ለጥቂት አሥርት ዓመታት ቢቆይም ጳጳሱ ጎርጎርዮስ ሰባተኛ በ1080 ፈቃድ ከለከለ፤ መነኮሳቱም በመጨረሻ ተባረሩ። ፖላንድ በ966 የተጠመቀችው ከቼክ በኩል በላቲን ሥርዓት ነው። ፊደል ቅዳሴን ተከትሎ ሄደ፤ ሮምን የተከተለው በላቲን፣ ቁስጥንጥንያን የተከተለው በሲሪሊክ ጻፈ።

አንድ አገር ብቻ ከዚህ ደንብ ወጣ። ክሮኤሽያ በሮም ሥር ሆና ግላጎሊቲክን አልለቀቀችም። በ1248 ጳጳሱ ኢኖሰንት አራተኛ ለሴኝ ጳጳስ በስላቭኛና በዚህ ፊደል እንዲቀድስ ፈቀደ፤ በ1483 የታተመው የመጀመሪያው የክሮኤሽያ መጽሐፍም በግላጎሊቲክ የተዘጋጀ የቅዳሴ መጽሐፍ ነው። በአድርያቲክ ባሕር ዳርቻና ደሴቶች ባሉ ደብሮች ካህናት ከዚህ ፊደል እያነበቡ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ቀድሰዋል። የቄርሎስን የራሱን ፊደል ማየት ከፈለጉ በ1100 አካባቢ የተቀረጸውን የባሽካ ድንጋይ ፎቶግራፍ ይፈልጉ፤ ድንጋዩ የሚገኘው በዛግሬብ በሚገኘው የክሮኤሽያ የሳይንስና ሥነ ጥበብ አካዳሚ ነው።